የሚከፍተው ማነው?

እንደሻው ገብረወልድ ነገሩን የሰማው ሊሰማ ፈልጎ አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ጋቢውን ደራርቦ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጆሮውን እየቆነጠጠው፣ ሮቶውን ሊያንኳኳ ወደ ጓሮ ሲዞር ተከራዩ ቢታንያ ክፍሏ በር ላይ ቆማ በስልክ ታወራ ነበር። ቢታንያ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ናት፤ ኪራይ ከቀኑ አሳልፋ አታውቅም፣ በር ስትዘጋ እንኳ ድምፅ አታሰማም። «ልብሴንማ የማጥበው ሥራ ቦታ ነው፣ እማዬ» አለች። «አዳር ስገባ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ? አከራዬ ሮቶ ሙሉ ውሃ ብቻዬን የምጨርስ ይመስላቸዋል። ፀጉሬን ከታጠብኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።» ከዚያ ሳቀች። እንደሻው ያችን ሳቅ ባትስቅ ይሻለው ነበር። ቢያማርሩት ይችለዋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምር ያላማረረው ተማሪ የለም። ተስፋ ቆርጦ የሚሳቅ ሳቅ ግን ሌላ ነው፤ አንጀቱን በላው። እንዳላየችው ሆኖ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ አለፈ። በገዛ ግቢው በጣቱ ጫፍ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር።

ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ነው፤ ወገብ በሚደርስ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል። እንደሻው ክዳኑን ከፍቶ አያይም፤ እንደ ሐኪም በጣቶቹ አንጓ ከላይ ወደ ታች እያንኳኳ ይወርዳል። ባዶው ቦታ ይጮኻል፣ ውሃው ያለበት ቦታ ድፍን ይላል፤ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በጠመኔ ያሰምርበታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ማታ መስመሩ አንገቱ ላይ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ደረቱ ላይ ወረደ። ዛሬ ሐሙስ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሮቶው ጮኸ። በቤቱ ያሉት እሱ፣ ሚስቱ ትርፌና ቢታንያ ብቻ ናቸው። ሁለት ሽማግሌና አንዲት ለሥራ ወጥታ የምታድር ልጅ በሁለት ቀን ያን ሁሉ ውሃ የት ያደርሱታል? ከመስከረም ጀምሮ ይህን ሲያሰላ ከርሟል፤ ስሌቱም ሁልጊዜ ልጅቷ ላይ ያርፍ ነበር። ሦስት ጊዜ «ልጄ፣ ውሃ እኮ በፈረቃ ነው» ብሏታል፤ ሦስት ጊዜም «እሺ ጋሼ» ብላዋለች። አሁን ያንን «እሺ» ሲያስበው አፈረ። እዚያው ቆሞ ቧንቧ ሠራተኛው ሊበን ዘንድ ደወለ።

ሊበን ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል እያለ እንደሻው አስተምሮታል፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚለው። «አካም ቡልተኒ ቲቸር» እያለ የዕቃ ሳጥኑን አስቀመጠ። መጀመሪያ የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ እየዞረ ዘጋ። ግድግዳውን ዳበሰ፣ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ አየ፣ የቢታንያንም በር አንኳክቶ የእሷን አየ፤ አንድም የሚያንጠባጥብ የለም። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን ከሮቶው ሥር በወጣው ቧንቧ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ዐይኑን ጨፈነ። ከደቂቃ በኋላ ካቻቢቴውን ለእንደሻው አቀበለው፣ «እስቲ ይስሙት» አለ። እንደሻው አጎንብሶ ሰማ። በቧንቧው ውስጥ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ሰው በጥርሱ መካከል እንደሚያፏጨው ያለ ድምፅ አለ። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቷል፤ ውሃው ግን ይሄዳል።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ።

«ቲቸር፣ ይሄን ሮቶ ሲያስገጥሙ ስንት ቧንቧ ነው ያስገቡት?»

«አንድ። ከሥር ይገባል፣ ከሥር ይወጣል። ሁለት ቧንቧ ለምን ብዬ? እኔ ነኝ ንድፉን ያወጣሁት።»

ሊበን ፈገግታውን ሊደብቅ መሬቱን አየ። «እንግዲህ የከተማው ውሃ ሲመጣ እየገፋ ይሞላዋል። ሲሄድስ? የሚገፋው የለም። ያኔ ሮቶው ራሱ ይገፋል። ወደ ከተማው እንዳይመለስ ቆጣሪው ላይ መያዣ አለው። ስለዚህ ክፍት ያገኘበት፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይወርዳል። እርስዎ አይደሉም እንዴ ሁለት ብርጭቆ በጎማ አገናኝተው ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ ያሳዩን?» እጁን ዘርግቶ ቁልቁል አመለከተ። ከጓሮው መጨረሻ ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ የተሻለች ቤት ነው።

ተሻለች የእንደሻው እህት ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፣ አዝላ አሳድጋዋለች። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አባታቸው አቶ ገብረወልድ ሲሞቱ እሷ ባሏ ሞቶባት ከአርቦዬ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ግቢው ሲከፈል እንደሻው በሰው ፊት «እሷ እኮ ተድራ የሄደች ናት፣ ከዚህ ቤት ምን ቀራት?» አለ። ሽማግሌዎቹ የታችኛውን ማድ ቤትና ሰርቪሱን ለእሷ ሰጡ፤ ተሻለች አንድም ቃል ሳትናገር ተቀብላ ወረደች። በሳምንቱ እሱ አጥሩን አቆመ። የተናገረው ነገር በማግስቱ ነበር የጸጸተው። ግን ይቅርታውን ዛሬ ነገ ሲል ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ ዐሥር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ አፉን በምን ቃል እንደሚከፍተው ጠፋው። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ በአንገታቸው ሰላም ይባባላሉ። ቆጣሪው እስከ ዛሬ በሟቹ ስም ነው፤ መስመሩን ለመለየት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው መፈረም አለባቸውና። ቧንቧው ያኔ ሲገባ መጀመሪያ የገባው ለማድ ቤቱ ነው፤ ወደ ላይኛው ቤት የሚመጣው ከእዚያ ተገንጥሎ ነው። መገንጠያው አሁን ከአጥሩ ወዲያ፣ በእሷ በኩል ቀርቷል።

«እና ምን ይሻላል?» አለ እንደሻው። ድምፁ ደረቅ ነበር።

«መገንጠያው ላይ ቫልቭ እናስገባለን። ግማሽ ኢንች። ዓይነቱን እርስዎ ይወቁት፤ ሚፍታ ሱቅ ሁሉም አለ። እኔ እስከዚያ አፈሩን እቆፍራለሁ።» ሊበን ዕቃውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ ጨመረ፤ «ከእትዬ ተሻለች በኩል ነው የሚቆፈረው። ያስፈቅዱልኝ።»

ትርፌ የላይኛው ቤት ማድ ቤት ደፍ ላይ ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ ሁሉንም ሰምታለች። እንደሻው ዞሮ አያት። እሷ ሽንኩርቱን አየች። «እኔ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ሽንኩርቱንም ቢላዋውንም አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የአጥሩን ዳር ይዛ ወረደች። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተሄደበት መንገድ መሆን ነበረበት። ሣሩ ግን መሐል ለመሐል ተረግጦ ቀጭን ዱካ ሠርቷል። እንደሻው ዱካውን አየው።

የሚፍታ ሱቅ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሁለት የፎቅ ጅምሮች መሐል ነው። በሩ ላይ ሳፋ፣ የሽንት ቤት መቀመጫና የተጠቀለለ ጎማ ተደርድሯል፤ ከውስጥ፣ ከባንኮኒው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ሚፍታ አጠር ያለ ጢም ያለው፣ ሰውን ሳያስቸኩል የሚያነጋግር ነጋዴ ነው። እንደሻው «ግማሽ ኢንች ቫልቭ» ሲለው «ቫልቭማ ብዙ ነው መምህር» አለና ሦስት ነሐስ ከሦስት ካርቶን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው በራሱ ላይ ክብ መዘውር አለው። «ይሄ ጌት ቫልቭ ነው፤ ሰባት ስምንቴ ይዞራል፣ አንዴ ከፍተውት ለሚረሱት መስመር ነው። ይሄኛው ቦል ቫልቭ፤ እጀታውን ሩብ ዙር ብቻ፣ ሲተኛ ክፍት ሲቆም ዝግ። ሕፃንም ይከፍተዋል።» ሦስተኛው መዘውርም እጀታም የለውም፤ ድፍን ነው፣ ሆዱ ላይ አንዲት ቀስት ተቀርፃለች። «ይሄ ደግሞ ቼክ ቫልቭ። ውሃ በቀስቷ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል፣ መመለስ የለም። እስቲ ልጠይቅዎት፣ የሚከፍተው ማነው?»

«ማለት?»

«ወላሂ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ አገሩን ይጠይቃል፣ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ግን አያስብም። ትናንት አንዷ ባለ መዘውሩን ለአማቷ ገዝታ ሄደች፤ አማቷ ማዞር አቅቷት ዝጉልኝ እያለች ጎረቤት ስትጠራ አመሸች።»

እንደሻው ሦስቱን አየ። «ማንም እንዲከፍተው አልፈልግም» አለ።

«እንግዲያው ባለ ቀስቷ ናት። ሰው አያስፈልጋትም፤ ገጥመው ይረሷታል። ሺህ አራት መቶ ሃምሳ።» እንደሻው ሳይከራከር ከፈለ። ሳይከራከር መክፈሉ ሚፍታን ገረመው፤ መምህሩ የመርፌ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው ነው። ሽቅብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነሐሱ በኮት ኪሱ ውስጥ ጭኑን እየመታው ነበር። ባጃጅ አልያዘም። ትክክል ነኝ፣ ውሃዬን ነው ያስጠበቅሁት፣ ምስኪኗን ልጅ ያለ ጥፋቷ አሳቅቄያታለሁ፣ ይሄ ማለቅ አለበት እያለ ራሱን ሲያሳምን መጣ። ሰው ትክክል ሲሆን እንዲህ ደጋግሞ ለራሱ መንገር ለምን እንዳስፈለገው ግን አልገባውም።

የእህቱ የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እንደሻው እጁን አንስቶ ሊያንኳኳ፣ የእናቱ ማድ ቤት በር መሆኑ ትዝ አለውና እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከውስጥ ሊበን «ይግቡ ቲቸር» አለ። ገባ። ተሻለች ከግድግዳው ሥር ባለች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹራብ ደርባ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አጥብቃ አስራ። አርጅታለች። ለቅሶ ቤት ሲያያት ሁልጊዜ በጥቁር ነጠላ ተሸፍና ስለሆነ እንዲህ ማርጀቷን ልብ አላለውም ነበር። ሊያከብራት የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ እሷ ብድግ ልትል ሞከረች፤ ትርፌ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ሊበን» አለች ተሻለች፣ «ወንድሜን ቁጭ በልልኝ በለው። ዳገቱ አድክሞታል።»

እንደሻው ከእሷ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። የተኳረፈ የሥጋ ዘመድ ግን እርስ በርሱ አይነጋገርም፤ መሐል ላይ ሰው ቢያጣ ድመትም ቢሆን ፈልጎ በድመት በኩል ይላላካል። ሊበን እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ አካፋውን ተደግፎ፣ እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ኮስተር አለ። «ቲቸር፣ ቁጭ ይበሉ ብለዋል።»

«ደህና ነኝ በልልኝ።»

«ደህና ነኝ ብለዋል።»

«ሰማሁ» አለች ተሻለች፣ ለሊበን።

ቧንቧው ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ከግድግዳው ወጥቷል። አንገቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በሲባጎ ታስሮ፣ ሲባጎው መሐል እንጨት ገብቶ እንደ ቁስል ማሰሪያ ተጠምዟል። ከዚያ ሁሉ በኋላም ይፈሳል፤ የስንደዶ ውፍረት ያላት ውሃ ያለማቋረጥ ትወርዳለች። ከሥሩ ሳፋ ተቀምጧል፤ ከሳፋው ጠርዝ የተቆረጠ ጎማ ወጥቶ ወደ ጓሮው ይሄዳል። በግድግዳው ርዝመት ዐሥራ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ሙሉ፣ የሁሉም ክዳን ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ግቢው ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። እንደሻው ይህን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ ዐይኑ እህቱ እጆች ላይ ወደቀ። አንጓዎቹ ሁሉ አብጠዋል፤ ጣቶቿ ወደ አንድ ጎን ተጋድመው የያዙትን የማይለቁ፣ ያልያዙትን የማይጨብጡ ሆነዋል። በእነዚህ እጆች ነበር ጫማውን የምታስርለት።

«ሊበን፣ ለወንድሜ ንገርልኝ» አለች፣ እጇን ቀሚሷ ውስጥ እየሸሸገች። «ውሃው የሱ መሆኑን ዐውቃለሁ። ሮቶውን ካስገባ ጀምሮ ዐውቃለሁ። በፊት በፊት ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን ቀድቼ አጥብቄ እዘጋው ነበር። ዘንድሮ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። የቧንቧው የውስጥ ጎማ ሲያልቅ ደግሞ ጨርሶ አልዘጋ አለኝ። ማንን ልጥራ? ብጠራ ምን ልበል? እንዳይባክንበት ብዬ ነው ጎመኑን ያበዛሁት።»

ሊበን ይህንን ለመተርጎም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እንደሻው ጎማውን በዐይኑ ተከተለ። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ፣ ስድስት መደብ ጎመን አለ፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። የተቆረጠው እቅፍ በቀይ የሹራብ ክር ታስሮ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የክሩ ድቡልቡል ከአጥሩ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ቀይ ክር እንደሻው ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ትርፌ ጎመን አምጥታ ከፈታች በኋላ፣ ማድ ቤታቸው መሬት ላይ ወድቆ ያገኘዋል። ከዓመት ዓመት ያንን ጎመን በልቷል፤ መብላት ብቻ ሳይሆን እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የጢቾ ጎመን ነው፣ የጢቾ መሬት ሌላ ነው፣ በአፍ ይሟሟል» እያለ ስለ አፈሩ ዓይነት ትምህርት ሰጥቶበታል።

«ቲቸር፣ ቫልቩን ያምጡት» አለ ሊበን ቀስ ብሎ። እንደሻው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሊበን ነሐሱን በሱሪው ጠረገና በመገንጠያው ላይ ለካው። «ቀስቷ ወደ እርስዎ ቤት ነው አይደል? ውሃው ሽቅብ ወደ እርስዎ ያልፋል፣ ወደዚህ አይመለስም። ልግጠመው?»

ትርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ተሻለች አንገቷን ደፍታለች፤ እያለቀሰች አልነበረም፣ የሚደርስባትን አስቀድማ የምታውቅ ሰው አኳኋን ነበር። ያኔም ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲሁ ነበር የተቀመጠችው። እንደሻው ያንን አቀማመጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሸሸው ኖሮ፣ አሁን ፊት ለፊቱ አገኘው። 

«ቆይ» አለ። ቫልቩን ከሊበን እጅ ወስዶ ወጣ።

ትርፌ በሩ ላይ ደረሰችበት። «የጢቾ ጎመን ነው ብለሽ ነበር እኮ» አላት፤ ሌላ የሚለው ቃል አልመጣለትም።

«አንተ ነህ የጢቾ ነው ያልከው» አለች ትርፌ። «እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትበላው ነበር?»

 ሚስቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ቀጭን ዱካ ብቻዋን ረግጣ እንዳቀናችው፣ በእሱና በእህቱ መሐል ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ እንዳላስከፋችው ገባው። ሊያመሰግናት ፈለገና አላወቀበትም። «ብርድ ነው፣ ግቢ» ብሏት ቁልቁል ሄደ።

እንደሻው ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ ሚፍታ ጣቱን ወደ ካርቶኑ ጽሑፍ ቀሰረ። «አነበብኩት» አለ እንደሻው። «አንተ ግን ጠዋት አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኝ ነበር። በደንብ አልመለስኩልህም።»

«የትኛውን?»

«የሚከፍተው ማነው ያልከኝን። የሚከፍተው እጇን ሪህ የያዛት ሰው ናት። ጣቷ አይጨብጥም። ባለ መዘውሩን አትችለውም።»

«እንግዲያው ባለ እጀታው ነው። በመዳፏ ገፋ፣ በቃ።» ሚፍታ አጎንብሶ ካርቶን እየፈለገ ጠየቀው። «ማን ናት? እናትዎ?»

«እህቴ» አለ እንደሻው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንግዳ ሆነበት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሳጥን ሲከፈት እንደሚሸተው ያለ ነገር ተሰማው። ደገመው። «እህቴ ናት። ታላቄ።»

ሚፍታ ቀና ብሎ አየውና ሌላ አልጠየቀም። ባለ እጀታ ቫልቮቹን አራቱንም ደርድሮ ራሱ እያንዳንዱን በትንሽ ጣቱ ሞከረ፣ ልል የሆነውን መረጠ። ቀይ ፕላስቲክ የለበሰ ረጅም እጀታ ነበረው። ዋጋው ከመጀመሪያው ይቀንሳል፤ በልዩነቱ አዲስ የቧንቧ ጎማና አንድ ጥቅልል ማሸጊያ ቴፍሎን ጨመረለት። «የተሸጠ ዕቃ መለሰልኝ ብለው እንዳይነግሩብኝ» አለ ወደ ጽሑፉ እየጠቆመ። በዚህኛው ጊዜ እንደሻው ባጃጅ ያዘ።

ሊበን ቴፍሎኑን ጠቅልሎ፣ አሮጌውን ጎማ ቀይሮ፣ ባለ እጀታውን ከመገንጠያው ወዲህ፣ ተሻለች በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጇ በሚደርስበት ቁመት ገጠመው። እንደሻው የቧንቧውን ጫፍ ይዞለት ነበር፤ ኮቱ ጭቃ ሆነ። ጨርቁና ሲባጎው ተፈታ። «እስቲ እትዬ፣ ይሞክሩት» አለ ሊበን። ተሻለች እጇን ከቀሚሷ አወጣች። በጣቶቿ አልያዘችውም፤ በመዳፏ ሥር እጀታውን ገፋ አደረገችው። ውሃው ቀጥ አለ። መልሳ ሳበችው፤ ወረደ። ሁለት ሦስቴ እንዲሁ አደረገች፤ ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጅነቷ ፊት መጣ።

«ሊበን፣ ወንድሜን እግዜር ይስጥልኝ በለው» አለች።

«እ…» አለ እንደሻው። ዐሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመው ነገር ሁሉ ጥርሱ ጀርባ ተደርድሮ ቆሞ ነበር። «ጣቷን… ሐኪም ትታይ በላት። ቢታንያ ትወስዳታለች በላት።» ከዚያ እንባው እንዳይቀድመው ቶሎ ወጣ። ቢታንያን ግቢው በር ላይ አገኛት፤ አዳር ልትገባ ፌስታሏን ይዛ ነበር። ፌስታሉን ከእጇ ተቀብሎ «ይሄን እዚሁ እጠቢው ልጄ» አላት። «ፀጉርሽንም ታጠቢ። ጥፋቱ የኔ ንድፍ ነበር።» ልጅቷ ምን እንደሚያወራ አልገባትም፤ ግን ሳቀች፣ ይህኛው ሳቅ የጠዋቱን አይመስልም።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እንደሻው የራሱን ካቻቢቴ ፈልጎ ወደ ሮቶው ሄደ። ጫፉን ቧንቧው ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ሲሄድ ሰማ፤ እህቱ እየቀዳች ነው። በልቡ ይቆጥር ጀመር። አንዲት ጀሪካን እንኳ ሳትሞላ ድምፁ ቀጥ አለ። ጠበቀ፤ አልተመለሰም። ተሳቃ ዘጋችው። እንዳይጠፋበት ብላ ዘጋችው። ቢታንያ ልብሷን በፌስታል ይዛ እንደምትሄደው ሁሉ እሷም ዕድሜዋን በሙሉ የእሱን ውሃ ስትሰስትለት ኖራለች። ካቻቢቴውን እንደያዘ ወደ አጥሩ ወረደ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሹራቧ ጫፍ ይታያል።

«እታለም» አለ። ልጅ ሆኖ ነበር እንዲህ የሚላት።

ከወዲያ በኩል በርጩማው ሲንቀሳቀስ ተሰማ።  ትርፌ ከማድ ቤት ወጥታ ሲያያት ተመልሳ ገባች።

«እታለም፣ ክፈቺው።»

«ቀዳሁ እኮ» አለች ተሻለች። ድምፅዋ ቅርብ ነበር፤ በሁለቱ መሐል ከዝገት ሌላ ምንም የለም። «ይበቃኛል።»

«አልሞላም፤ ሰምቼዋለሁ። ጎመኑስ? ክፈቺው እልሻለሁ።»

 እንደሻው ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ጠበቀ፤ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ነበር። የሚጠብቀው ውሃውን ይሁን ሌላ ነገር ለራሱም አልለየለትም።

«እንደሻው» አለች በመጨረሻ። ስሙን በእሷ አፍ ከሰማው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «ጋቢህን ደርበሃል?»

«ደርቤያለሁ።»

እጀታው ሲሳብ ትንሽ ጠቅ አለ። እንደሻው ከአጥሩ ሥር ተንበርክኮ ካቻቢቴውን ከመሬት በወጣው ቧንቧ ላይ አሳረፈ፣ ጆሮውንም አስጠጋ። ውሃው ቁልቁል እየሄደ ነበር። ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ሁለተኛው ተተክቶ፣ ጎማው ወደ ጎመኑ እስኪዞር ድረስ ጆሮውን ሳያነሳ ሰማው።